የማዕዘኑ ቀንድ፤ የፖል ክሊፕሽ የሕይወት ታሪክ

በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ የጥሩንባን ድምፅ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ ይነፋል፤ በሩቅ ያለውም ገበሬ በሬውን አቁሞ ያዳምጣል። ጥሩንባ የሌለው እረኛ እንኳ ከሸንተረር ማዶ ያለውን ባልንጀራውን ሲጣራ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ እንደ ቀንድ ያደርጋል። የሁለቱም ጥበብ አንድ ነው፤ ከጠባብ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ መንገድ ለድምፅ ማበጀት ነው። በበዓል ቀን በደብረ ማርቆስ አደባባይ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምናየው አፈ ሰፊ ድምፅ ማጉያም የዚሁ የጥሩንባ ዘር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምንተርክለት ሰው ይህን የቀንድ ጥበብ ከአደባባይ ወደ መኖሪያ ቤት አስገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽለው የኖረ ነው። ስሙ ፖል ዊልበር ክሊፕሽ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ ነው። ቀንድ ያላቸውን የቆዩ ድምፅ ማጉያዎች በቤታቸው የሚያድሱ ሰዎች ስሙን እንደ መምህር ስም ያነሡታል። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክሊፕሽ ሲወለድ ቀንድ ያለው የድምፅ መሣሪያ ለዓለም አዲስ አልነበረም። ኤዲሰን ፎኖግራፉን በ1877 ከሠራ ወዲህ የመሣሪያው ቀንድ በየአገሩ እየታወቀ ሄዶ ነበር። የእኛው ተሰማ እሸቴ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባለው፥ በ1908 በጀርመን አገር ዜማውን በሸክላ ያስቀረጸው በዚሁ በቀንድ መንገድ ነበር። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ሥራ ገና አልገባም ነበርና ዘፋኙ በቀንዱ ሰፊ አፍ ፊት ቆሞ ሲዘፍን የገዛ ድምፁ ኀይል መርፌውን እየገፋ በሰም ላይ ይጽፍ ነበር። በ1925 ግን ሸክላ በኤሌክትሪክ ይቀረጽ ጀመር፤ በዚያው ዓመት ራይስና ኬሎግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በወረቀት ሾጣጣ የሚሠራውን ድምፅ ማጉያቸውን ገለጡ። ይህ አዲሱ ዓይነት በትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ስለ ሆነ በየቤቱ ተወደደ። ትልቁ ቀንድ ግን ለሲኒማ ቤትና ለአደባባይ እየተተወ ከመኖሪያ ቤት ወጣ።

ፖል ክሊፕሽ ማርች 9 ቀን 1904 በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ኤልክሃርት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የመካኒክ ምሕንድስና መምህር ነበረ፤ ነገር ግን ፖል የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተ። ከዚህ በኋላ ልጁ ከእናቱ ጋራ ወደ ቴክሳስ፥ ወደ ኤል ፓሶ ከተማ ሄዶ በዚያ አደገ። በ1919፥ በ15 ዓመቱ፥ የሬዲዮ መቀበያ ሠራ፤ በጆሮ የሚደረገውንም ማዳመጫ ለደብዳቤ መላኪያ ከሚሆን የወረቀት ቱቦ ጋራ አገናኝቶ የመጀመሪያውን ድምፅ ማጉያ አበጀ። ይህ የልጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሕይወቱን መንገድ አስቀድሞ ያሳየ ሥራ ነው። ገንዘብ ባይኖር ቱቦ አለ፤ ቱቦ ባይኖር እጅ አለ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በኒው ሜክሲኮ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ገብቶ በ1926 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በኮሌጁ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኮርኔት የተባለውን የነሐስ መለከት ይነፋ ነበር። ስለዚህ ቀንድ ምን እንደሚሠራ በሒሳብ ከማወቁ አስቀድሞ በከንፈሩና በእስትንፋሱ ያውቀው ነበር። ከተመረቀ በኋላ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። በ1928ም ወደ ደቡብ አሜሪካ ወደ ቺሌ ተሻግሮ ቶኮፒያ በምትባል የወደብ ከተማ የማዕድን ባቡር የሚስቡትን የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ሲጠብቅና ሲጠግን 3 ዓመት ኖረ። ከዚያ ተመልሶ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1934 በከፍተኛ ማዕርግ ዲግሪውን ተቀበለ። ቀጥሎም በቴክሳስ ነዳጅ ዘይት በሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ ሠራ፤ ሥራውም በምድር ውስጥ የሚሄደውን ንዝረት እየለኩ በጥልቁ ያለውን መገመት ነበር።

አንድ ሰው እንዲህ ከሥራ ወደ ሥራ ሲዘዋወር ሲታይ ዓላማ የሌለው ይመስላል። ክሊፕሽ ግን በሄደበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሄድ ነበር። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የሙዚቃ ጓድ በአዳራሽ ሲጫወት የሚሰማው ድምፅ ሳይዛባና ሳይቀንስ በአንድ ቤት ክፍል ውስጥ እንዴት ሊሰማ ይችላል? በ1933 የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች በፊላደልፊያ የሚጫወተውን የሙዚቃ ጓድ ድምፅ በሽቦ ወደ ዋሽንግተን ልከው በታላላቅ ቀንዶች ለሕዝብ አሰምተው ነበር። ቀንድ ይህን ማድረግ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። የቀረው ችግር ትልቅነቱ ነው።

ችግሩን በቁጥር ብናየው ይገባናል። ወፍራም ድምፅ ረዥም ሞገድ አለው። በሴኮንድ 35 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር ያህል ነው። ቀንድ ይህን ድምፅ በሜዳ ላይ ደኅና አድርጎ እንዲያወጣ የአፉ ዙሪያ የሞገዱን ርዝመት ያህል ሊሆን ይገባል፤ ይህም ሲሰላ ከ7 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ አፍ ነው። እንዲህ ያለውን ቀንድ በቤቱ የሚያስገባ ሰው ራሱ ከቤት መውጣት ይኖርበታል።

የክሊፕሽ መልስ በእያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነበር። እርሱም የክፍሉ ማዕዘን ነው። በሜዳ የወጣ ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናል። ሁለት ግድግዳዎችና ወለሉ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የወጣ ድምፅ ግን መሄጃው ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። መሄጃው በስምንት ሲከፈል የቀንዱም አፍ በስምንት ይከፈላል፤ ከ7 ካሬ ሜትር በላይ የነበረው ወደ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ክሊፕሽ የቀንዱን ረዥም መንገድ በሣጥን ውስጥ አጣጠፈው፤ የመጨረሻውን ሰፊ ክፍል ግን ከእንጨት አልሠራውም፤ የቤቱ ግድግዳዎች ራሳቸው የቀንዱ ከንፈር እንዲሆኑ አደረገ። ስለዚህ የእርሱ ድምፅ ማጉያ ከቤቱ ጋራ ካልተገናኘ ሙሉ አይደለም። ይህንኑ ሐሳቡን በ1941 በአሜሪካ የድምፅ ሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣው፤ ለሥራውም የፈጠራ መብት ተቀበለ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ በአርካንሶ ክፍለ ሀገር ጥይትና ቦምብ በሚፈተንበት ሥፍራ ተመደበ። ሥፍራው ያለባት ትንሽ ከተማ ሆፕ ትባላለች፤ ትርጓሜውም ተስፋ ማለት ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቢል ክሊንተን በ1946 የተወለደው በዚህችው ከተማ ነው። ክሊፕሽ ቀን የጥይት በረራ ሲመረምር ይውልና በትርፍ ጊዜው የማዕዘን ቀንዱን ይሠራ ነበር። በመኖሪያው መጥተው የሰሙት ሰዎች እየሠራ እንዲሸጥ መከሩት። ጦርነቱ ሲያልቅም ወደ ትልቅ ከተማ አልሄደም፤ በዚያው በሆፕ በ1946 ድርጅቱን አቋቋመ። ድምፅ ማጉያውም ከስሙና ከቀንዱ ተጣምሮ ክሊፕሽሆርን ተባለ። በ1948 የመጀመሪያውን ሠራተኛ እስኪቀጥር ድረስ ሠሪውም ሻጩም ጸሐፊውም እርሱ ብቻ ነበረ።

የዚህ መሣሪያ ትርፉ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። ክሊፕሽሆርን በ1 ዋት ኀይል በ1 ሜትር ርቀት ከ104 እስከ 105 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ያወጣል። በ1 ዋት 85 ዴሲቤል ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን 105 ለመድረስ 100 ዋት ይፈልጋል። ይህን የሰማ ሰው ቀንድ ለመጮኽ የተሠራ ነው ይላል። ክሊፕሽ የፈለገው ግን ጩኸቱን ሳይሆን ዕረፍቱን ነው። በቀንድ የሚታገዝ ስፒከር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት በጣም ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በጣም ትንሽ የሚንቀሳቀስ ነገርም ትንሽ ያዛባል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ አህያ መንገዱን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ግማሽ ሸክም የያዘው ግን ሳይወላገድ ይደርሳል። ክሊፕሽ አንድ ስፒከር ለወፍራም ድምፅ ብዙ ሲወዛወዝ አብሮት የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው በመሣሪያ ለክቶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በሳይንስ መጽሔት አሳተመ። ለዚህና ለሌላውም ሥራው የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር በ1978 የብር ሜዳሊያ ሸለመው።

ሆኖም ዘመኑ ከእርሱ ጋራ አልሄደም። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የታሸገ ትንሽ ሣጥን አወጣ፤ ሣጥኑ ብዙ ኀይል ቢበላም ለትንሽነቱ የሚያስደንቅ ወፍራም ድምፅ ይሰጥ ነበር። የአምፕሊፋየር ኀይልም እየረከሰ ሄደ። ሰው ሁሉ ትንሹን ሣጥን ወደደ፤ ትልቁ የማዕዘን ቀንድ የጥንት ሰዎች ነገር መሰለ። ክሊፕሽ በዚህ ጊዜ መሠረቱን አልለቀቀም፤ ነገር ግን ሁሉም ቤት የሚስማማ ማዕዘን እንደሌለው ተቀብሎ በ1957 ማዕዘን የማያስፈልገው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሠራ። ስሙንም ሄረሲ አለው፤ ይህም ኑፋቄ ማለት ነው፤ የማዕዘን መምህር ማዕዘን የሌለው ሲሠራ ከገዛ ሃይማኖቱ እንደ ወጣ መቈጠሩን በቀልድ ለማሳየት ነው። በ1959 በማዕዘንም በግድግዳም የሚቆመውን ኮርንዎልን፥ በ1963ም ላ ስካላ የተባለውን አወጣ። ላ ስካላ መጀመሪያ የታሰበው ለአርካንሶ አገረ ገዥነት ይወዳደር ለነበረው ለዊንትሮፕ ሮክፌለር የምርጫ ስብሰባ ነበር። በ1971 የወጣውን ቤልን ደግሞ በዚያን ጊዜ በነበረችው ሚስቱ ስም ሰየመው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን በክሊፕሽሆርን ላይ ያደረገው ነው። መጀመሪያ በሁለት ክፍል ብቻ ይሠራ የነበረውን በሦስት ክፍል አደረገው፤ ወፍራሙን፥ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ። ስፒከሮቹን ለወጠ፤ ድምፁን ለሦስቱ የሚያከፋፍለውን ክሮስኦቨር ደጋግሞ አሻሻለ። የቀንዱን መሠረተ ሐሳብ ግን አልነካም። የሚለካ መሻሻል ካልተገኘ ለውጥ አያደርግም ነበር፤ አዲስ መስሎ ለመታየት ብቻ መልኩን አልቀየረም። ክሊፕሽሆርን እስከ ዛሬም ድረስ በሆፕ ይሠራል።

የቆየ ጥንድ ቀንድ ያለው ድምፅ ማጉያ በቤቱ ያለ ሰው እርሱን ለማሻሻል ሲነሣ ከክሊፕሽ ሕይወት የሚማረው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ማሻሻል ማለት አዲስ ዕቃ መግዛት ይመስለዋል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፥ ያልተበላሸውን አውጥቶ የማይስማማውን ይተካል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ዕቃው ሲሠራ የነበረው ምን ነበር፥ ዛሬስ ምን ጐደለው የሚለው ነው። ለምሳሌ የማዕዘን ቀንድ ከግድግዳው ጋራ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ያመልጣል፤ እዚያ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ስፖንጅ ከውድ ዕቃ የበለጠ ይጠቅማል። ብሎኖች ይላላሉ፤ የስፒከሩ ማሸጊያ ይደርቃል፤ የእንጨቱ መጋጠሚያ ይከፈታል። በክሮስኦቨሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮችም ከ40ና ከ50 ዓመት በኋላ ይደክማሉ፤ ሲለወጡ ልካቸው ከድሮው ጋራ አንድ መሆን አለበት። ከብረት የተሠራው የመካከለኛ ድምፅ ቀንድ እንደ ደወል ሲያስተጋባ በውጭ በኩል ለስላሳ ማስቲሽ የሚለጥፉበት አሉ፤ የውስጡን ቅርጽ ግን ማንም ሊነካው አይገባም፤ የውስጡ ቅርጽ ከተለወጠ ቀንዱ ሌላ ቀንድ ሆኗልና።

ድምፅ ማጉያዎቹ ጥንድ መሆናቸውም ትልቅ ዕድል ነው። ብልኅ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን አይፈታም። አንዱን አድሶ ሌላውን እንደ ነበረ ይተወዋል፤ ከዚያ በሁለቱ ላይ በየተራ አንድ ዓይነት ዜማ እያጫወተ ያወዳድራል። ሲያወዳድርም የድምፃቸው መጠን እኩል መሆኑን ይጠነቀቃል፤ የሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ ነው ብሎ ይሳሳታልና። የታደሰው በእውነት ከበለጠ ሁለተኛውን ይቀጥላል፤ ካልበለጠ ግን የሚመለስበት መንገድ አልጠፋበትም። የፊዚክስ ትምህርት የሚባለው ይህ ነው፤ ላቦራቶሪ የሚገኘው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በእንግዳ መቀበያ ክፍልም ይገኛል።

ክሊፕሽ በ1989 ድርጅቱን ለዘመዱ ለፍሬድ ክሊፕሽ ሸጠ። የተማረበት ኮሌጅ አድጎ የኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበርና በ1990ዎቹ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ክፍሉን በስሙ ጠራው። ሜይ 5 ቀን 2002 በ98 ዓመቱ በሆፕ ከተማ ዐረፈ። በከተማይቱም የሥራው መታሰቢያ የሆነ ሙዚየም አለ።

በእኛም አገር ቀንድ ያላቸው ድምፅ ማጉያዎች በሠርግና በገበያ፥ በስብሰባና በበዓል ሁሉ ይገኛሉ፤ ሞንታርቦ እያልን የምንጠራቸውም ታላላቅ ሣጥኖች በየቦታው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ ግን እስከ መጨረሻ አቅማቸው ተከፍተው ቃሉ እስኪጠፋ ድረስ ይጮኻሉ። የሚሰማው ሰው ጆሮ ይታመማል፤ የተባለውን ግን አይሰማም። ይህ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ የያዘው ሰው ኀይልንና ጥራትን አንድ አድርጎ መቍጠሩ ነው። ክሊፕሽ ዕድሜውን የፈጀው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነበር።

ተማሪ ጓደኞቻችን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። በየቤታችን የቆየ ሬዲዮ፥ የተጣለ ስፒከር፥ የተሰበረ ቴፕ አይታጣም። ሳንለካ ከመክፈትና ሳናውቅ ከመለወጥ ብንጠበቅ፥ እያንዳንዱ አንድ ትምህርት ነው። ወላጆችም ልጃቸው አሮጌ ዕቃ ፈትቶ ሲያዩ ከመቈጣታቸው በፊት ብሎኖቹን በሥርዓት አስቀምጦ እንደ ሆነ ይመልከቱ። ብሎኖቹ በተራ ከተደረደሩ፥ የፈታውንም በወረቀት ከጻፈ፥ ያ ልጅ ዕቃ አላበላሸም፤ ሥራ ጀምሯል።